አንድ ጥርስ ወደ ግራ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሚሊ ጆሮ ግን ያን ዕለት ከዘመድም በላይ ዘመድ ሆኖ ዋለ። ታናሽ ወንድሙ ነፋሱ በእህታቸው ኮሪደር ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ለአንድ የጥርስ ሐኪም፣ «ዲፈረንሻሉ ባይሰበር ኖሮ አንደኛ ነበርኩ፣ ዶክተር! ምን ላድርግ፣ የወንድሜ እጅ እኮ ደክሟል፤ አርጅቷል» ሲል፣ ሚሊ ከአንዲት ስስ በር ጀርባ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ያንኑ ደከመ የተባለውን እጁን በሳሙና እያሸ ነበር። ታላቅ እህታቸው እትዬ ከስፌት መኪናዋ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች። በዓይኗ ወደ በሩ ጠቀሰች። አልሆን ሲላት መቀሷን ሆን ብላ መሬት ላይ ለቀቀችው። ነፋሱ መቀሱን ጎንበስ ብሎ አንስቶ አቀበላትና ወሬውን ቀጠለ፤ «በቃ ዶክተር፣ ዘንድሮ ደግሞ ከተሰበረ መኪናዋ ያንተ ናት። ቃሌ ቃል ነው።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ እዚያ ማዶ የቧንቧው ውኃ ጸጥ አለ። ነፋሱ ከሄደ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ሚሊ ጣቶቹን አንድ በአንድ በፎጣ እያደረቀ ወጣ። «ሳሙናሽ ጥሩ ነው» አለና የተሰበረውን ዲፈረንሻል ተሸክሞ ሄደ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ከተነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸዋል። ጠቡ የተነሳው በአሮጌ መኪኖች የአገር አቋራጭ ውድድር ላይ ነው። ያኔ ነፋሱ ይነዳል፣ ሚሊ አጠገቡ ተቀምጦ ካርታ ያነብባል። መንገድ መሃል ሚሊ «አንድ ጊዜ ልሽና» ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ዘለቀ። ነፋሱ ከኋላ የተፎካካሪ መኪና አቧራ ሲያይ ልቡ ጠፋና፣ ወንድሙ የገባ መስሎት ነዳጁን ረገጠ። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ «ቀጥሎ ወዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ወንበሩ ዝም አለው። እስከዚህ ድረስ ማንም ይቅር ይለው ነበር። ይቅር ያልተባለለት ቀጥሎ ያደረገው ነው፤ መመለስ ሲገባው፣ የሚሊን ካፖርት ወንበሩ ላይ አቁሞ ኮፍያውን አናቱ ላይ ደፋበትና በየኬላው ተቆጣጣሪ ሲመጣ «እንቅልፍ ወስዶታል፣ አትቀስቅሱት» እያለ አለፈ። ሦስተኛ ወጣ፣ ዋንጫም ተሸለመ። ሚሊ እስከ ማታ በእግሩ ተጓዘ። ዋንጫውን አንዳቸውም ቤቴ አይገባም ስላሉ እትዬ ጋ ቀረ፤ እሷም ባዶ ከሚቀመጥ ብላ የልብስ ቁልፎቿን ሞላችበት።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። አንደኛው ያልለካውን አይነካም። ቅጽል ስሙም የወጣለት «ይኼ መደርደሪያ ሁለት ሚሊ አዘንብሏል» ማለት ስለሚወድ ነው። ሌላኛው በሕይወቱ የለካው ነገር ቢኖር ሰዓት ብቻ ነው፣ እሱንም ስለሚረፍድበት። መኪናዋ ግን የሁለቱም ናት፤ ከአባታቸው የቀረች፣ ሁለት በር ያላት፣ ረጅም ሰው የሚገባባት ተጣጥፎ የሆነ ትንሽ መኪና። ነፋሱ ግቢው ውስጥ ያቆማታል፣ ያጥባታል፣ ይነዳታል። ሚሊ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለችው ጠባብ ጋራዡ ሆዷን ይጠግናል። ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ስለማይቀባበሉ፣ ሚሊ ያደሰውን ሁሉ የእህቱ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ከሰዓታት በኋላ ነፋሱ መጥቶ ወስዶ ራሱ ይገጥመዋል። አንዱ ሌላውን በስም አይጠራውም። ሁለቱም «ወንድምሽ» ነው የሚሉት፣ እትዬ ብቻዋን የወለደቻቸው ይመስል።

እትዬ ከሁለቱም አንዳንድ ምስጢር ተሸክማለች። ዲፈረንሻል ውስጥ ትልቁና ትንሹ ማርሽ ሲነካከሱ በመካከላቸው ፀጉር የምታክል ክፍተት መቅረት አለባት፤ ከጠበበች ማርሾቹ ግለው ይበላሉ፣ ከሰፋች እየተንኳኩ ይሰበራሉ። ክፍተቷ የምትስተካከለው በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ባለጥርስ ቀለበቶች ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ነፋሱ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ማርሹን ወዘወዘና፣ «ወንድምሽ ሁልጊዜ ያጠብቃል፤ ነፍሱም እንደዚሁ ናት» ብሎ ቀለበቶቹን አንድ ጥርስ አላላቸው። «በሞቴ እትዬ፣ እንዳትነግሪው» አላት። በዚያው ዓመት ሚሊ ዲፈረንሻሉን ሲከፍት ቀለበቶቹ ካስቀመጠበት መነቃነቃቸውን አየ። አልተቆጣም። «ማወቄን ከሰማ በእልህ ሁለት ጥርስ ያላላዋል፤ በሞቴ እንዳትነግሪው» ብሎ፣ ከዚያ ወዲህ ከልኩ አንድ ጥርስ አስቀድሞ አጥብቆ ማምጣት ጀመረ። እሱ ያጠብቃል፣ ያኛው ያላላል፣ ክፍተቷም ፍጹም ልክ ትሆናለች። በሁለት ስህተት መካከል የቆመችውን እውነት እትዬ ብቻ ታውቃለች። ባለፈው የተሰበረውም በክፍተቱ አልነበረም፤ ነፋሱ ሲነሳ የፍሪሲዮኑን ፔዳል እንደ ጠላት በድንገት ስለሚለቀው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ለዘንድሮው ውድድር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሚሊ ዲፈረንሻሉን በልጅ ጋሪ እየገፋ መጣ። የገዛ ልጆቹ ያደጉበት ጋሪ ነው። አቧራ የማርሽ ጠላት ስለሆነ ብረቱን በጨቅላ ብርድ ልብስ ጠቅልሎታል። መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ አጎንብሰው «እሰይ፣ ማንን መሰለ?» ብለው ጠይቀውት፣ ጨንቆት «አያቱን» ብሎ ማለፉን ለእትዬ ሲነግራት እንኳ ፊቱ አልፈታም። እያቃሰተ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ፣ በጋዜጣ ላይ፣ ከአንድ ያልተጨረሰ የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ አጠገብ አስቀመጠው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ስፌት መኪና፣ ሙሉ መስታወት፣ ራስ የሌለው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት፣ በመስኮቱ ሥር ሁለት ወንበሮች። ሁለቱ ወንበሮች ለዘጠኝ ዓመት በአንድ ጊዜ ሞልተው አያውቁም።

«ይኸውልሽ» አለ ሚሊ፣ ብርድ ልብሱን ገልጦ በትንሿ ጣቱ እያመለከተ። «የሞተሩ ጉልበት በዚህች ይገባል። እሷ ትልቁን ታዞራለች። ትልቁ ሆድ ውስጥ ደግሞ እኒህ ትንንሾቹ አሉ። መኪና ስትጠመዘዝ የውጭው ጎማ ብዙ ይሮጣል፣ የውስጡ ዝግ ይላል። እኒህ መሃል ሆነው ሁለቱንም ያስማማሉ።»

«የተሰበሩት እነሱ ናቸው?»

«ታዲያ ማን ይሰበራል? ሁለት ብቻ ነበሩ። ወንድምሽ አነሳሱን ታውቂዋለሽ፤ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው።»

እትዬ ከልቧ አዘነችላቸው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ብላ ልትናገር ነበር፤ ነገሩ ወደ ራሷ ሲዞርባት ተወችው። ሚሊ ቀጠለ። አሁን አራት አድርጓቸዋል። በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ወፍራም ዘንግ ቶርኖ ቤት አስቀርጾ፣ በእሳት አጠንክሮ፣ አራቱን በአራቱ ጫፍ አስቀምጧል። ኩሽኔታዎቹ አዲስ ናቸው። ትልቁን ማርሽ የያዙት ብሎኖች እንዳይፈቱ እርስ በርሳቸው በሽቦ ታስረዋል። የኋላው አክስል ቱቦ በጉድጓድ መንገድ ላይ እንዳይጎብጥ ደግሞ ከሥሩ የብረት ደጋፊ ይበየድለት ብሎ ባለፈው ሳምንት በእሷ በኩል ልኮ ነበር። «አስበየደው?» አላት። «አስበይዷል። ‹ቆንጆ ሆኗል በይው› ብሎሃል።» ሚሊ ይህን እንዳልሰማ ሆነ፤ ግን ሰምቷል፤ የመነጽሩን መስታወት ያለ ምክንያት ወለወለ።

«ክፍተቱስ?» አለች እትዬ፣ መርፌ ላይ ክር የምታስገባ መስላ።

ይቺን ጥያቄ ሲጠብቅ ቆይቷል። «በመጽሐፉ ልክ።»

«በልኩ ማለት... እንደ ሁልጊዜው?»

«እንደ ሁልጊዜው አይደለም። ልክ በልክ። የአንድ ሚሊ አንድ አሥረኛ። አስቀድሜ ያጠበቅኩት ነገር የለም።»

የእትዬ ክር መርፌው ዓይን አጠገብ ቆመ። «እሱ ቢያላላውስ?»

«ካላላው በገዛ እጁ ይሰብረዋል። የማን እጅ እንደደከመ ያኔ ይታያል።»

«ለጥርስ ሐኪሙ ይሸጣታል እኮ! ቃል ገብቷል።»

«ይሽጣት። እኔም እፈርማለሁ። ለሐኪሙ የሚስማማ ነው፤ ጥርሷ የረገፈ መኪና።» ይህን ሲል ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። ዓይኑ ዋንጫው ላይ ወደቀ። ዋንጫው ውስጥ ካሉት ቁልፎች አንዱን፣ ትልቅ ቡናማ የካፖርት ቁልፍ፣ በጣቱ ገፋ አደረገና ወጣ። ጋሪውን በር ላይ ትቶት ሄደ።

እትዬ ብቻዋን ቀረች። ከሁሉ በፊት ሻይ አፈላች፣ ከዚያ ሳትጠጣው አቀዘቀዘችው። መኪና ለእሷ ምኗም አይደለችም፤ አንድ ቀን ተቀምጣባት ለሦስት ቀን ወገቧን ታማለች። ነገር ግን ያቺ መኪና ብትሸጥ ሁለቱ ወንድሞቿ ወደዚህ ቤት የሚመጡበት ምክንያት አብሮ ይሸጣል። ሚሊ «ሳሙናሽ ጥሩ ነው» ሊላት ብቻ ሁለት መንገድ አያቋርጥም። ነፋሱ ደግሞ ያለ ጉዳይ የትም ዘንድ አይቆምም። ይህን ስታስብ ፈራች። እርጅናን ፈርታ አታውቅም፤ ጸጥ ያለ ቤት ግን ትፈራለች። ለነፋሱ «ዘንድሮ አታላላ» ብትለው «ለምን?» ይላታል፤ «ወንድምህ ሰባት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር» ካለችው ደግሞ የሰባት ዓመት ማላገጫ የሆነ ይመስለዋል። የሁለቱንም «በሞቴ» ተሸክማለች። ተሸክማ፣ ተሸክማ፣ በመጨረሻ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብረት ላይ አረፈ።

ሚሊ ያላጠበቃትን አንዲት ጥርስ እሷ ራሷ ብታጠብቃትስ? ነፋሱ መጥቶ ያላላል፣ ነገሩም ወደ ልኩ ይመለሳል። እኩለ ቀን ሳይሞላ ማንም ሳያውቅ ሁሉም ይድናል። እትዬ አርባ ዓመት ሰው ለክታ ያለበሰች ሴት ናት፤ ልብስ በመርፌ ስፋት እንደሚበላሽ፣ በመርፌ ስፋትም እንደሚድን ታውቃለች። ነፋሱ ሲሠራ ደግሞ ሰባት ዓመት ከትከሻው በላይ አይታዋለች፤ እሱ ሲያላላ ወደ ቀኝ ነው፣ ስለዚህ ማጥበቅ ወደ ግራ ነው። አንድ ጊዜ ረስቶት የሄደው መፍቻ ከዚፖች ጋር መሳቢያዋ ውስጥ አለ። በሩን ቆለፈች። የራሷን መነጽር አደረገች። የቀለበቶቹን መቆለፊያ ፈታች፤ ጉልበት እንዲሆናት መፍቻው ላይ የመጋረጃ ዘንግ ቀጥላ። አንደኛውን ቀለበት ወደ ግራ ገፋች። ቀጭ አለ። የስርቆሽ ደስታ ደረቷን ሞላው።

ሁለተኛውን ስትይዝ በሩ ተንኳኳ። ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ነርስ ናት፤ ቀሚሷን ልትለካ ቀጠሮ ነበራት። እትዬ ብርድ ልብሱን ብረቱ ላይ ጣል አድርጋ ከፈተች።

«እትዬ፣ እጅዎ ምን ነካው?»

«ይሄ ስፌት መኪና ዘይት ተፋብኝ እባክሽ።»

ነርሷ ወንበር ላይ ቆማ እየዞረች፣ ስለ ሊፍቱ መበላሸት፣ ስለ ዳቦ መወደድ፣ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ተረኛ ስላደረጋት አለቃዋ አወራች። እትዬ «እንዴታ፣ እንዴታ» እያለች በመርፌ ቁልፍ ያዘችላት። ቀሚሱ ጫፍ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ ማስቀረቷን ያየችው ነርሷ ቀሚሱን ይዛ ስትወጣ ነው። በሩን መልሳ ቆልፋ ወደ ጠረጴዛው ስትመለስ ደግሞ ሌላ ነገር አስደነገጣት። የቱ ላይ ነበረች? ያ ቀጭ ያለው የመጀመሪያው ነው ወይስ ሁለቱንም ጨርሳ ነበር? አልጨረስኩም ብላ ሁለቱንም አንድ አንድ ገፋች። ከገፋች በኋላ ጨርሼ ኖሮስ ብላ ቆመች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእሷ ነው፤ እሷስ እንዳትለቅመው የፈሰሰው ምን ያህል እንደሆነ እንኳ አላወቀችም። ማርሹን እንደ ነፋሱ ወዘወዘችው። ሁልጊዜ ትሰማው የነበረው ትንሽ «ቀጭ፣ ቀጭ» የለም። መቆለፊያዎቹን ግን መልሳ አሰረች፤ ነፋሱ ወዝውዞ ሲያየው የጠበቀውን ያህል ያላላዋል ብላ ራሷን አጽናናች።

ነፋሱ እኩለ ቀን ላይ መጣ፣ እንደ ልማዱ ከድምፁ ቀድሞ። ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና፣ ከሚዜው ቀሚስ ላይ ቀስ ብሎ አነሳው፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ወረወረው። እትዬ የኮቱን ኪስ አየች። ሁልጊዜ መፍቻው የሚያብጥበት ቦታ ዛሬ ጠፍጣፋ ነው።

«መፍቻህስ?»

«ዘንድሮ አልነካውም።»

«ምን አልክ?»

ነፋሱ ተቀመጠ። ነፋሱ የሚቀመጠው ሲታመም ነው። «ያን ዕለት በስልክ ሳወራ... ስወጣ በሩ ላይ ካፖርቱ ተሰቅሎ አየሁት። ያው ካፖርት ነው፣ እትዬ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚለብሰው። ሰምቶኛል አይደል?»

«ሰምቶሃል።»

«እጁ ደክሟል አልኩ። የወንድሜን እጅ!» እትዬ ልብ አለች፤ «ወንድምሽ» አላለም። «ስለዚህ ወስኛለሁ። እንዳመጣው እገጥመዋለሁ። ሳልወዘውዝ፣ ሳልነካ። ቢሰበርም እሱ በሠራው ይሰበር፤ እጄን አላስገባም።» ይህን ብሎ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ሆነና ብርድ ልብሱን መጠቅለል ጀመረ።

ሰባት ዓመት ስትመኘው የኖረችው ቃል ነበር፤ በዚህች በአንዷ ቀን ግን ለምን መጣ! ሻይ ጠጣ አለችው። አልፈልግም አለ። ዳቦ ብላ አለችው። በልቼያለሁ አለ። ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ አለችው፣ ደኅና ነው፣ ጎረቤትስ፣ ጎረቤትም ደኅና ነው። ዲፈረንሻሉን እንደ ሕፃን አቅፎ ጋሪው ውስጥ ሊያስተኛው ጎንበስ ሲል ድምፅዋ አመለጣት።

«አስቀምጠው። ነክቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«አጥብቄዋለሁ። አንድ ጥርስ። ወይም ሁለት። ወደ ግራ።»

ነፋሱ ብረቱን እንዳቀፈ ደረቀ። «እትዬ! ዲፈረንሻል ይነካል?»

«አንተ ሰባት ዓመት ስትነካው የኖርከውስ?»

«እኔ ሌላ ነኝ! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ!» ወዲያው ግን ወዝውዞ አየው። ፊቱ ተለወጠ። አልነቃነቅ አለ። መልሶ ማላላት ይችላል፣ ግን ስንት? ክፍተቱ ልክ የት እንደነበር የሚያውቅ አንድ ሰው፣ የሚለካ መሣሪያ ያለውም ያው አንድ ሰው ነው። ሁለቱም ስልኩን አዩት። እትዬ ደወለች። «ና» ነው ያለችው፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። በስድሳ ስድስት ዓመቷ እንዲህ ባለ ድምፅ ጠርታው ስለማታውቅ፣ ሚሊ በነጠላ ጫማው፣ መለኪያውን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ እንደያዘ፣ ደረጃውን እየሮጠ መጣ። ነፋሱን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። ሊመለስ አንድ እግሩን አነሳ።

«ግባ» አለችው እህቱ፣ «ዲፈረንሻሉን ነክቼዋለሁ።»

ሚሊ ሁለቱንም እግሮቹን አስገባ። «እትዬ! ዲፈረንሻል ይነካል?»

ሁለቱ ወንድማማቾች በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፤ እህታቸው ጥፋተኛ ናት። በግራና በቀኝ ቆመው ሲያፈጡባት፣ ዘጠኝ ዓመት የተሸከመችው ትዕግሥት አለቀ። ሁሉንም ዘረገፈችው። ይህኛው እንደሚያላላ፣ ያኛው አስቀድሞ እንደሚያጠብቅ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሁለት ጥፋት ተደምሮ አንድ ልክ እየወጣ እንደኖረ፣ የሁለቱም «በሞቴ» አንገቷን እንዳጎበጠው፣ ዛሬ ደግሞ አንዱ በቂም ሌላው በጸጸት ልማዳቸውን ሲተዉ መሃል ላይ እሷን ጥለዋት እንደሄዱ። «በሞቴ፣ በሞቴ ስትሉኝ» አለች፣ «የገዛ ሞቴን አደረሳችሁት!» ከዚያ ተቀምጣ በዘይት እጇ ዓይኗን ጠረገች። ጥቁር ቅንድብ ተጨመረላት። ማንም አልሳቀም፤ ለመሳቅ ግን ሁለቱም አፋቸውን መቆጣጠር ነበረባቸው።

ሚሊ ወደ ሥራው ገባ። ከእትዬ ሰማያዊ የልብስ ጠመኔ ፈርፍሮ በስፌት መኪና ዘይት ለወሰና የማርሹን ጥርሶች ቀባ። ለዚህ ሥራ ጠመኔዋን ሲሰርቃት ኖሯል። አዞረው፤ በልክ ሲነካከስ ቀለሙ የሚጠፋው ከመሃል ነው፣ አሁን ግን ከሥር ጠፋ። መለኪያውን አስደገፈ፣ ቆጠረ። «አንዱ ቀለበት ሁለት ጥርስ ነው፣ እትዬ፤ ሌላው ደግሞ አንድ። ንገሪው።»

«አጠገብህ ነው እኮ ያለው።»

«ንገሪው።»

«ሰምቻለሁ በይው» አለ ነፋሱ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ሰባት ዓመት ሙሉ ማላላቴን ያውቅ ነበር ወይ በይው።»

«አውቅ ነበር በይው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረም በይው።»

«ካፖርቴን ለምን አልጠየቀውም በይው። ያን ቀን አጠገቡ ተቀምጦ መንገዱን የሚነግረው ካፖርቴ አልነበረም?»

የነፋሱ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ነበር፣ ያነቀው ሳቅ። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ሆነ። ዋንጫውን አየ፣ ውስጡ ያሉትን ቁልፎች አየ፣ የወንድሙን ነጠላ ጫማ አየና ዓይኑ እዚያው ቀረ። «በይው...» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መመለስ ነበረብኝ፣ በይው።»

ሚሊ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። መለኪያው ላይ ያለችው ቀይ ቀስት ትንቀጠቀጥ ነበር። ሁለቱም የእህታቸውን አፍ ይጠብቃሉ። እትዬ አፏን ከፍታ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ያቀባበለችው ቃል ሁሉ በአንድ ጊዜ አደከማት። ተነሳች።

«ይህቺንስ ራስህ ንገረው» አለች። «እኔ ሻይ ቅጠል ልገዛ ነው፤ አልቋል።»

የሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አንዳቸውም አላረሟትም። በሩን ከኋላዋ ዘግታ ደረጃው ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ከታች መንገዱ ላይ የሆነ ሰው ጡሩምባ ይነፋል፣ የሆነ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ያወራል፤ ከእሷ ቤት ግን ድምፅ የለም። ሃምሳ ድረስ ቆጠረች። መቶ ድረስ ቆጠረች። ሁለት መቶ ስትደርስ፣ ተነስቼ ልግባ፣ አንድ ቃል ልበል፣ ያ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው አለች፤ ጉልበቷን ግን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። የዘጠኝ ዓመት ልማድ እግሯን ይጎትተዋል። እንዲህ ያለ ጸጥታ ነው የፈራችው፣ አሁን ደግሞ በገዛ እጇ በር ዘጋችበት።

ከውስጥ ብረት ጋዜጣ ላይ ሲንሸራተት ተሰማ።

«ያዝልኝ» አለ የሚሊ ድምፅ።

ረጅም ጊዜ አለፈ። ለእትዬ የአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል መሰላት።

«ይዣለሁ፣ ጋሼ።»

«ጠበቅ አድርገህ!»

«ጠበቅ አድርጌ ነው የያዝኩት!»

«ያ መያዝ ነው እንዴ? ወደ ቀኝ አልኩህ፣ ሁለት! ሁለት ስንት ነው?»

«ሁለት ነው ያዞርኩት! አንተ መቼ አምነኸኝ ታውቃለህ!»

«ያን ቀን አምኜህ ነው እኮ የወረድኩት!»

ጩኸቱ እየጨመረ ደረጃውን ሞላው። ከላይ በር ተከፈተና ነርሷ በአንድ እጇ ያንን አሻራ ያረፈበትን ቀሚስ ይዛ ወደ ታች አየች።

«ምንድን ነው እትዬ፣ ተጣሉ እንዴ?»

እትዬ ፊቷ ላይ ጥቁር ዘይት እንደተለቀለቀ ቀና ብላ አየቻት። እንባዋ እየወረደ ነበር፣ እሷ ግን ትስቅ ነበር።

«ኧረ ታረቁ፣ ልጄ» አለች፣ ጠጋ ብላም ደረጃው ላይ ቦታ ለቀቀችላት።